መምህር ደሬሳና የጠፈርተኛው ቦርሳ

ደሬሳ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህ አስቀድሞ ይያዝ፤ ኋላ የሚመጣውን የሰማ ሁሉ "ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!" ማለቱ አይቀርምና። ከጊምቢ የመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መሀል ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ጠመኔ በነካ ቁጥር ጣቶቹን በመሐረብ የሚጠርግ የሃያ ዘጠኝ ዓመት መምህር ነበር። በ1974 ዓ.ም. ጅጅጋ ሲመደብ እናቱ ሦስት ቀን አልቅሰዋል። ጦርነቱ ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ እንኳ እንደተበሳሳ ነበር። እሱ ግን ከተማዋን ወደዳት። ነፋሷን ለመደ፣ ወተት የበዛበትን ሻሂ ለመደ፣ ገበያ ውስጥ ሱማሌኛ ሲሞክር ነጋዴዎቹ እየሳቁ የሚያርሙትን እንኳ ወደደው።

ገበያ ውስጥ መታረም አያሳፍረውም ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነው። እዚያ "አላውቅም" የምትባል ቃል ከአፉ አትወጣም፤ ጥርሱን ቢያወልቁት አትወጣም።

የተማረው ሒሳብ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የፊዚክስ መምህሩ ወደ ሐረር ሲዛወር የመምህራኑ አለቃ፣ ዩኒት ሊደሩ አቶ ንብረት፣ ጠሩትና፣ "ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ፊዚክስ ምን ያቅተዋል? አሥረኛ ክፍልን ያዝልን" አሉት። "ምንም አያቅተኝም" አለ። እንዲህ ነበር የሚመልሰው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ከተማሪዎቹ አንድ ገጽ ብቻ እየቀደመ፣ አንዳንዴም እነሱ እየቀደሙት፣ እንደ ምንም ዓመቱን አጋመሰው።

ክፍሉ ውስጥ አርባ ስምንት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሴቶቹ አራት። ከአራቱ አንዷ ሆዶ ሺሬ ትባላለች። ፊት ጥርሷ ትንሽ የተሸረፈ፣ ረዘም ያለች፣ መምህር ሲናገር ዓይኗን የማትነቅል ልጅ ናት። አባቷ ሽንሌ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ናቸው። ሽንሌ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ስለሌለ ጅጅጋ አክስቷ ማርዎ ቤት ሆና ትማራለች። ይህቺ ልጅ ትጠይቃለች፤ አቤት ስትጠይቅ! ደሬሳ አንዳንድ ቀን እጇ ሲነሳ እያየ ጀርባውን ወደ ሰሌዳው ያዞር ነበር።

አንድ ረቡዕ የደረሱበት ምዕራፍ ሞመንተም ነው። የአንድ ነገር መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ሲባዛ ሞመንተም ይባላል፤ ከውጭ የሚገፋ ወይም የሚስብ ነገር ከሌለ ጠቅላላው ድምር አይለወጥም። ነገሩ ይኸው ነው። ደሬሳ ማለዳ ሲያነበው ደስ አለው። ተማሪዎቹን ለማስደመም ብሎም ከራሱ አንድ ጥያቄ ፈጠረ። ምናለ መጽሐፉ ላይ ያለውን ብቻ አስተምሮ በወጣ!

"አንድ ጠፈርተኛ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ሲሠራ ገመዱ ተበጠሰ እንበል" አለ። "ከመንኮራኩሩ አሥር ሜትር ርቆ ቆሟል። የሚይዘው ነገር የለም። እጁ ላይ የመሣሪያ ቦርሳ ብቻ አለ። ምን ያድርግ?"

አንዱ "ይዋኝ" አለ፤ ተሳቀ። ሌላው "ይጸልይ" አለ፤ የባሰ ተሳቀ። ደሬሳም እየሳቀ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ዜሮ ጻፈ። "ቆሟል፤ ስለዚህ ሞመንተሙ ዜሮ ነው። ሞመንተም አይለወጥም ብለናል። እንግዲህ ዜሮ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ሰውየው ምንም ቢያደርግ ካለበት ንቅንቅ አይልም። አለቀለት!"

እጇ ተነሳ።

"ቦርሳውን ይወርውረው ቲቸር" አለች ሆዶ። "ከመንኮራኩሩ ወደዚያ ማዶ። ቦርሳው ወደዚያ ሲሄድ እሱ ወደ መንኮራኩሩ ይመጣል።"

"በምን ተገፍቶ? እዚያ አየር የለም እኮ። ቦርሳው ምኑን ይገፋል?"

"አየር አይገፋም፤ እሱን ነው የሚገፋው። ዜሮ የሚሆነው የሁለቱ ድምር ነው እንጂ እሱ ብቻውን አይደለም።" ሳይፈቀድላት ተነስታ ጠመኔ አነሳች። "ሰውየው ከነልብሱ መቶ ኪሎ ይሁን፣ ቦርሳው አሥር። ቦርሳውን በሰከንድ አምስት ሜትር ቢወረውረው፣ እሱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ይመጣል። አሥር ሜትሩን በሃያ ሰከንድ ይጨርሳል። እኛ ሰፈር ከሐዲድ ጋሪ ላይ ስዘል እኮ ጋሪዋ ወደ ኋላ ትሸሻለች ቲቸር፣ እንደዚያ ነው።"

ሒሳቡ ፊቱ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ደሬሳ ግን ሒሳቡን አላየም። ያየው አርባ ሰባት ፊት ነው፤ ሁሉም ከሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ሷ ይመለከታል። አንገቱ ሲግል ተሰማው። ከዚያ ያላሰበው ቀልድ ከአፉ ወጣ።

"እንግዲህ ስሙ! ሆዶ በጋሪ ተሳፍራ ጨረቃ ልትወጣ ነው!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ "ጠፈርተኛዋ!" ብሎ ጮኸ። ሆዶ ግን አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፣ ወደ ቦታዋም አልተመለሰች። "ቁጥሩን ይዩት ቲቸር፣ ትክክል ነው!" ብላ ድምጿን ከፍ አደረገች። እሱም የጻፈችውን በዳስተር ጠረገና፣ "መምህሩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? ውጪ! ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ" አለ።

"አክስቴን ላምጣ?"

"አባትሽን!"

የልጅቷ አባት ሽንሌ ነው ያሉት። በካራማራ ወጥቶ፣ ሐረርንና ድሬዳዋን አልፎ፣ ያውም በየኬላው የይለፍ ወረቀት እያሳዩ ነው የሚደረሰው። ደሬሳ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ለዚህም ነው አባትሽን ያለው፤ እንዲከብድ።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገባ። የገባው ራሱን ደስ ለማሰኘት ነበር፤ ትክክል መሆኑን በመጽሐፍ አይቶ ሊረጋጋ። ከአቧራማው መደርደሪያ ወፍራም የኮሌጅ ፊዚክስ አወጣና ገጹን አገኘ። በበረዶ ላይ የቆመ ሰው ድንጋይ ሲወረውር የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሥሩ ያለውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ እርሳስ አወጣና አሥር ሲባዛ በአምስት፣ መቶ ሲባዛ በግማሽ ብሎ ጻፈ። ሃምሳና ሃምሳ። አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ፤ ድምሩ ዜሮ።

ክው አለ። የሒሳብ መምህር ነው እኮ! አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው ማባዛት ነው። ብቻውን ተቀምጦ ፊቱ ፍም መሰለ። መጽሐፉን ቶሎ ከድኖ ቦታው መለሰው፤ ማንም እንዳያየው ዙሪያውን ቃኘ። ያን ጊዜ በመስኮቱ ሆዶን አያት። ከአጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ከክፍል ብትባረርም ቤቷ አልሄደችም።

ወጥቶ ሁለት ቃል ቢናገር ነገሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር። "ትክክል ነሽ፣ ግቢ" ማለት ነው፤ በቃ! እግሩ ወደ በሩ ሄደ፣ በሩም ላይ ቆመ። ከዚያ "ነገ" አለና በጓሮ በኩል ወጣ።

ዓርብ የመምህራን የሒስና ግለ ሒስ ስብሰባ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ በየተራ ተነስቶ ድክመቱን መናገር አለበት፤ ሁሉም የማትጎዳዋን ድክመት አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ደሬሳም ተነስቶ "በዚህ ወር ሁለት ቀን አሥር አሥር ደቂቃ አርፍጃለሁ፤ ለወደፊቱ አርማለሁ" አለ። አቶ ንብረት "ጓድ ደሬሳ ራሱን በግልጽ በማየት ለሌሎቻችን አርአያ ነው" ብለው አመሰገኑት። ተጨበጨበለት። በአጥሩ ጥግ ያለችው ልጅ ጭብጨባውን ሰምታ ቀና ስትል በመስኮት አያት። ዓይኑን ወደ አቶ ንብረት መልሶ ተቀመጠ።

ሰኞ ዕለት፣ አክስቷ ልካባቸው፣ የሆዶ አባት መጡ።

አቶ ሺሬ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ በትር የያዙ፣ መዳፋቸው እንደ ሻካራ ቆዳ የጠጠረ ሰው ናቸው። ከመኪና ወርደው በቀጥታ ነው የመጡት፤ እስከ ቅንድባቸው አቧራ ለብሰዋል። አማርኛውን ከባቡር ሠራተኞች ጋር ሲውሉ ነው የተማሩት፤ ታላቁንም ታናሹንም አንተ ይላሉ። በአቶ ንብረት ቢሮ በአንድ በኩል ደሬሳ፣ በሌላው በኩል ሆዶ ቆማ፣ ሽማግሌው መሀል ላይ አልቀመጥም ብለው ቆሙ።

"መዓሊን" አሉት፤ መምህር ማለታቸው ነው። "ልጄ አስቀየመችህ አሉኝ። እኔ አልተማርኩም። የሚያስተምርልኝን ሰው ግን አከብራለሁ። ይቅር በላት።" ወደ ልጃቸው ዞረው በሱማሌኛ አንድ ነገር አሏት።

ሆዶ አንገቷን ደፋች። "ስለጮህኩ ይቅርታ ቲቸር" አለች። ቀና አለችና ደግሞ፣ "ስለ ቦርሳው ግን ይቅርታ አልልም" አለች።

አቶ ንብረት "አያችሁ? አያችሁ ድፍረቷን?" አሉ። ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ ደሬሳን አዩ። ከዚያ በትራቸውን ከመሬት አነሱ። ደሬሳ በትሩ ሲነሳ ያያል። "ተዉ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" የምትለው ዓረፍተ ነገር ተሰናድታ ምላሱ ላይ ተቀምጣለች፤ ዩኒት ሊደሩ ደግሞ ፊት ለፊቱ አሉ። በትሩ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

ሁለተኛው ሳይደገም አቶ ንብረት "ይበቃል፣ ይበቃል" አሉ። ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "እወስዳታለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ከመምህሯ ጋር እንዲህ ከሆነች እዚህ ምን ታደርጋለች? እናቷን ታግዝ።"

ሆዶ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ስትመታ አላለቀሰችም፤ ይህን ስትሰማ ግን ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ደሬሳ የጫማውን ጫፍ ሲያይ ቆየ። ቀና ሲል ቢሮው ውስጥ እሱና አቶ ንብረት ብቻ ነበሩ። "ደህና ትምህርት አገኘች" አሉት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አይነሱ። ክፍል ሲገባ ባዶው ወንበር ላይ ዓይኑ ያርፋል። ተማሪዎቹ ቀልዱን አልረሱትም፤ "ጠፈርተኛዋ ጨረቃ ደረሰች ቲቸር?" ይሉታል፣ የሚያስደስቱት መስሏቸው። ምግብ አልበላለት አለ። ሻሂ ቤት ሰዎች ሲስቁ በእሱ የሚስቁ ይመስለዋል። ደግሞ እኮ ማንም የሚያውቅበት አልነበረም፤ ከራሱ በቀር። ሐሙስ ላይ አልቻለም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣና ዓርብ ጠዋት ስኳር በጫነ መኪና ላይ ወጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽንሌ ደረሰ። ጠይቆ ጠይቆ አቶ ሺሬን ሐዲዱ ላይ አገኛቸው፤ በእጅ የምትገፋ ባለ አራት ጎማ የሐዲድ ጋሪ ላይ ተቀምጠው ያርፋሉ። ሲያዩት አልተገረሙም። ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት። እሱ ግን ሳይቀመጥ፣ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ፣ "ልጅዎ ትክክል ነበረች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አላቸው።

"አውቃለሁ" አሉ ሽማግሌው።

"እንዴት?"

"ሠላሳ ዓመት እኮ እዚህች ጋሪ ላይ ነው የኖርኩት። ሰው ከላይዋ ሲዘል ትሸሻለች። ሆዶ ጥርሷን የሸረፈችው በዚህ ነው፤ በስድስት ዓመቷ ስትዘል ጋሪዋ ከእግሯ ሥር ሸሸችባትና ሐዲዱ ላይ በአፍ ጢሟ ተደፋች። ነገሩን ገና ከትምህርት ቤቱ በራፍ ላይ ስትነግረኝ ገባኝ።"

ደሬሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። "ታዲያ ለምን መቷት?"

"አለቃህ ተቀምጦ ነበራ! አለቃህ ፊት 'ልጄ ከመምህሯ ትበልጣለች' ልበል? ነውር አይደለም? ተው ትላለህ ብዬ ጠበቅኩህ። በትሩን ቀስ ብዬ ነው ያነሳሁት መዓሊን። በጣም ቀስ ብዬ።" እጁን ይዘው መታ መታ አደረጉት። "ዝም ስትል ግን ገባኝ፤ ገና አላወቅህም። ያላወቀ ሰው ምን ይላል? ስታውቅ ደግሞ ይኸው ይህን ሁሉ መንገድ መጣህ። አላህ ይስጥህ። ቂም የለኝም።"

ሐሙስ፤ አጥሩ ጥግ የተቀመጠችው ልጅ፤ ደርሶ የተመለሰበት በር። ሁሉም ትዝ አለው። "አውቅ ነበር" ማለት ነበረበት። ሽማግሌው ግን እንዲያ ፈገግ ብለው ሲያዩት አቃተው፤ የማይገባውን ይቅርታ ተቀብሎ ከጎናቸው ተቀመጠ። ሰው በአንድ ነገር ስንት ጊዜ ያፍራል!

ሆዶ ተጠራች። አባቷ "አንዴ ወሰድኩሽ፣ አንዴ አመጣሁሽ፤ አሁን አንቺ ተናገሪ" አሏት። እሷም ደሬሳን ቀጥ ብላ አይታ፣ "ክፍል ውስጥ ይናገራሉ?" አለችው። "በሳቁት ሁሉ ፊት?"

"እናገራለሁ።"

"እሺ፣ እመለሳለሁ።"

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ አርባ ስምንቱም ቦታቸውን ያዙ። ደሬሳ ሰላምታ ሳይሰጥ ሰሌዳው ላይ የሆዶን ቁጥሮች በሙሉ ጻፈ፣ መቶውን፣ አሥሩን፣ ሃያ ሰከንዱን። "ይህን የሠራችው ሆዶ ናት" አለ። "ትክክል ናት። ዜሮ የሚሆነው ድምሩ ነው፤ እኔ ግን ቦርሳውን ረስቼ ሰውየውን ብቻ ቆጠርኩ። ተሳስቼ አስተማርኳችሁ፤ ተሳስቼም አሾፍኩባት። ሆዶን ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ከዚያ አንድ ልጅ አጨበጨበ፤ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው። መምህር እንዲህ ሲል አይተው አያውቁም። አንዱማ "ቲቸር ጀግና ነው!" ብሎ ጮኸ። ደሬሳ ደረቱ ቀለለው፤ በአሥራ ሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ቆመ።

እጇ ተነሳ።

"ቲቸር" አለች ሆዶ፣ በጨዋ ድምፅ፣ ለማወቅ ያህል። "መቼ ነው ያወቁት?"

ጭብጨባው ገና አላለቀም ነበር። "አባትሽ ከሄዱ በኋላ" ቢል ማን ይጠይቀዋል? አባቷ ራሳቸው የሚያምኑት ይህንኑ ነው። ደሬሳ ጠመኔውን አየ፤ መሐረቡን ፈለገ፤ አላገኘውም።

"በማግስቱ" አለ። "ሐሙስ። አባትሽ ሳይመጡ አራት ቀን ቀደም ብዬ።"

"ታዲያ አባቴ ሲመታኝ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ሆዶ ትንሽ ቆመች። ደግሞ ምን ትለኝ ይሆን ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበው ደስ ባለው፣ ብታለቅስም ደስ ባለው። እሷ ግን "አመሰግናለሁ ቲቸር" ብላ ተቀመጠችና ሰሌዳው ላይ ያለውን ወደ ደብተሯ መገልበጥ ጀመረች። የሚያጨበጭብ አልነበረም። በዚያን ቀን ደወሉ እስኪደወል ክፍሉ ውስጥ የተሰማው የደሬሳ ጠመኔ ብቻ ነው።

አሥራ አንደኛንም አሥራ ሁለተኛንም እሱው አስተማራት። ፈተና በመጣ ቁጥር ከሁሉ አንደኛ ናት፤ መንገድ ላይ ስታገኘው በአክብሮት ሰላም ትለዋለች፤ የቤት ሥራ አስቀርታ አታውቅም። ደሬሳ ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር "ጥያቄ ያለው?" ብሎ ወደ እሷ ይመለከት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ እጇን አላነሳችም።